የትሪጎኖሜትሪ ፓራሜትሪክ እኩልታዎች ሬንጅ፦ ዳርና ዳሩን መተካት ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ አንድ ኩርባ በሚከተሉት ፓራሜትሪክ እኩልታዎች (ኤክስና ዋይ ሁለቱም በሦስተኛ ተለዋዋጭ፣ በቲ፣ በተገለጹባቸው) ተሰጥቷል።

ኤክስ = 1 + 2 ሳይን ቲ
ዋይ = 3 − ኮሳይን 2ቲ
−30° ≤ ቲ ≤ 120°

(ሀ) የኤክስንና የዋይን ሬንጅ (የሚወስዷቸውን እሴቶች ክልል) ፈልግ። (ለ) ዋይ = ኤክስ + ኬ የሚለው ቀጥታ መስመር ኩርባውን በሁለት የተለያዩ ነጥቦች ላይ እንዲያቋርጥ የኬ ዋጋ ከስንት እስከ ስንት መሆን አለበት? እኔ −30°ንና 120°ን ስተካ ኤክስ ከ0 እስከ 2.73፣ ዋይ ከ2.5 እስከ 3.5 ወጣልኝ። ለ(ለ) ደግሞ ዲስክሪሚናንቱን (የኳድራቲክ እኩልታን መልሶች ብዛት የሚነግረውን ቢ² − 4ኤሲ) ከ0 በላይ አድርጌ ኬ > ½ አገኘሁ። የተሰጠው መልስ ግን 0 ≤ ኤክስ ≤ 3፣ 2 ≤ ዋይ ≤ 4 እና ½ < ኬ ≤ 1 ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ምላሽ፦ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ የእርስዎ ሁለት ስህተቶችም ምንጫቸው አንድ ነው። ኤክስም ሆነ ዋይ እሴታቸውን የሚያገኙት ቲ ከ−30° ተነስቶ 120° እስኪደርስ በሚያደርገው ጉዞ ብቻ ነው። (ሀ) ላይ የታየው የጉዞው መነሻና መድረሻ ነው፤ መሀሉ አልታየም። (ለ) ላይ ደግሞ ቲ ከእኩልታው ሲወገድ ገደቡም አብሮት ተረሳ።

ከ(ሀ) እንጀምር። ዳርና ዳሩን መተካት ትክክለኛ ሬንጅ እንደሚሰጥ እርግጠኛ መሆን የሚቻለው ፈንክሽኑ በኢንተርቫሉ (በተሰጠው የቲ ክልል) ውስጥ ሳያቋርጥ የሚጨምር ወይም ሳያቋርጥ የሚቀንስ ከሆነ ነው። መሀል ላይ ከታጠፈ ትልቁ ወይም ትንሹ እሴት ከመታጠፊያው ላይ ሊገኝ ይችላል። ሳይን የሚታጠፈው ማዕዘኑ −90°፣ 90°፣ 270° ላይ ሲደርስ ነው፤ ኮሳይን የሚታጠፈው ደግሞ −180°፣ 0°፣ 180°፣ 360° ላይ ነው። ስለዚህ ካልኩሌተር ከመንካት በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ፣ «ከእነዚህ ማዕዘኖች ውስጥ በኢንተርቫሉ የተካተተ አለ ወይ?» የሚለው ነው።

ኤክስ ውስጥ ያለው ሳይን ቲ ነው። ቲ ከ−30° እስከ 120° ሲሄድ 90°ን ያልፋል። ጉዞውን ደረጃ በደረጃ ስንከተለው ሳይን ቲ ከ−½ ይነሳል፣ 0° ላይ 0 ይሆናል፣ 90° ላይ 1 ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ 120° ላይ 0.866 ላይ ይቆማል። ትንሹ −½፣ ትልቁ 1 ነው። በ2 አባዝተን 1 ስንጨምር ኤክስ ከ0 እስከ 3 ይሆናል። እርስዎ ያገኙት 2.73 ኩርባው የሚያበቃበት ቦታ ነው፤ የደረሰበት ከፍተኛ ቦታ ግን አይደለም።

ዋይ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮሳይን የሚወስደው ማዕዘን ቲ ሳይሆን 2ቲ ነው። ስለዚህ ኢንተርቫሉም በ2 ይባዛል፦ −60° ≤ 2ቲ ≤ 240°። በዚህ መንገድ ላይ ሁለት መታጠፊያዎች አሉ፤ አንዱ 0°፣ ሌላው 180°። ኮሳይን 2ቲ ከ0.5 ይጀምራል፣ 0° ላይ 1 ይደርሳል፣ 180° ላይ −1 ድረስ ይወርዳል፣ 240° ላይ −0.5 ሆኖ ያበቃል። ከ−1 እስከ 1 ያለውን ሙሉ በሙሉ ዳሰሰ ማለት ነው። ዋይ ግን 3 ሲቀነስ ኮሳይን ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ኮሳይኑ ትልቅ ሲሆን ዋይ ትንሽ ይሆናል። ትንሹ 3 − 1 = 2 ነው፣ የሚገኘውም ቲ 0° ሲሆን። ትልቁ 3 + 1 = 4 ነው፣ የሚገኘውም ቲ 90° ሲሆን። ከፊት የመቀነስ ምልክት ሲኖር ይህን መገልበጥ ዘንግቶ 4 ≤ ዋይ ≤ 2 ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም።

ሬንጅን ለመፈተሽ ቀላሉ መንገድ ከውስጡ አንድ ቁጥር መርጦ ቲን መፈለግ ነው። ኤክስ 2.9 ይሁን። ያኔ ሳይን ቲ = 0.95 ይሆናል፤ ቲ ወደ 71.8° ወይም ወደ 108.2° ነው። ሁለቱም ከ−30° እስከ 120° ውስጥ ናቸው። ስለዚህ 2.9 ኩርባው ላይ አለ፤ «እስከ 2.73» የሚለው መልስ ግን አግልሎት ነበር። በተመሳሳይ ዋይ 2.2 ይሁን፤ ኮሳይን 2ቲ = 0.8፣ ቲ ደግሞ ወደ 18.4° ወይም ወደ −18.4° ይሆናል። እሱም አለ። ይህ ፍተሻ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የተሳሳተ ሬንጅንም ወዲያው ያጋልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የኤክስና የዋይ ሬንጅ ለየብቻ ሲገኙ ኩርባው የሚያርፍበትን ሬክታንግል ብቻ ነው የሚሰጡት። ኤክስ 0 መሆን ይችላል፤ ዋይ 4 መሆን ይችላል፤ ነጥብ (0፣ 4) ግን ኩርባው ላይ የለም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ቲ የለምና።

ወደ (ለ) እንሂድ። ቲን ለማስወገድ ኮሳይን 2ቲ = 1 − 2 ሳይን²ቲ የሚለውን እንጠቀማለን። ሳይን ቲ = (ኤክስ − 1)/2 ስለሆነ ተክተን ስናስተካክል፦

ዋይ = 2 + ½(ኤክስ − 1)²

ይህ ፓራቦላ ነው። ፓራቦላው ግን ግራና ቀኝ ያለ ገደብ ይሄዳል፤ የእኛ ኩርባ ከ0 እስከ 3 ያለው ቁራጭ ብቻ ነው። ካርቴዥያን እኩልታው (ቲ የሌለበት፣ ኤክስንና ዋይን ብቻ የሚያገናኘው) ይህን ገደብ በራሱ አይናገርም። ስለዚህ እኩልታውን ሲጽፉ አጠገቡ 0 ≤ ኤክስ ≤ 3 ብለው ወዲያውኑ ይጻፉ። ይህን ሳይጽፉ ወደሚቀጥለው መስመር ማለፍ ነው (ለ)ን ያበላሸው።

ዋይ = ኤክስ + ኬን ስናስገባ ኤክስ² − 4ኤክስ + 5 − 2ኬ = 0 ይመጣል። ዲስክሪሚናንቱ 16 − 4(5 − 2ኬ) ነው፤ ከ0 በላይ ሲሆን ኬ > ½ ይሰጣል። ስሌትዎ ላይ ምንም እንከን የለም። ችግሩ ዲስክሪሚናንት የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ መሆኑ ነው፤ እኩልታው ሁለት የተለያዩ መልሶች እንዳሉት ይነግረናል እንጂ መልሶቹ ከ0 እስከ 3 ውስጥ ማረፋቸውን አይነግረንም። ኬ 1.2 ይሁን፤ መልሶቹ 2 ± √1.4፣ ማለትም ወደ 0.82 እና ወደ 3.18 ናቸው። ሁለተኛው ከኩርባው ውጭ፣ በተቀረው የፓራቦላው ክፍል ላይ ነው ያለው። መስመሩ የእኛን ኩርባ የሚያገኘው አንዴ ብቻ ነው።

እንዲህ ባለ ጥያቄ ላይ የምመርጠው መንገድ ኬን ለብቻው አውጥቶ እንደ ኤክስ ፈንክሽን ማየት ነው፦

ኬ = ½(ኤክስ − 2)² + ½፣ 0 ≤ ኤክስ ≤ 3

ኤክስ 0 ሲሆን ኬ 2.5 ነው። ከዚያ እየቀነሰ ኤክስ 2 ላይ ½ ይደርሳል፤ ታጥፎ እየጨመረ ኤክስ 3 ላይ 1 ሆኖ ያበቃል። አሁን መልሱን ከዚሁ ማንበብ ይቻላል። በመውረዱም በመውጣቱም የሚገኙት የኬ እሴቶች ከ½ በላይ ሆነው እስከ 1 ያሉት ናቸው፤ ሁለት ነጥብ የሚሰጡት እነሱ ብቻ ናቸው። ከ1 በላይ ሆነው እስከ 2.5 ያሉት የሚገኙት በመውረዱ ላይ ብቻ ስለሆነ አንድ ነጥብ ይሰጣሉ። ኬ ልክ ½ ሲሆን መስመሩ ኩርባውን ይነካዋል፤ አንድ ነጥብ። ከ½ በታችና ከ2.5 በላይ መስመሩና ኩርባው አይገናኙም።

የእኩል ምልክቱ 1 ላይ ለምን ተጨመረ? ኬ 1 ሲሆን ኤክስ² − 4ኤክስ + 3 = 0 ስለሚሆን ኤክስ 1 ወይም 3 ነው፤ ነጥቦቹም (1፣ 2) እና (3፣ 4) ናቸው። ሁለተኛው የሚገኘው ቲ 90° ሲሆን ነው፤ 90° ደግሞ በኢንተርቫሉ ውስጥ ስለሆነ ነጥቡ ኩርባው ላይ አለ። ጥያቄው −30° ≤ ቲ < 90° ቢል ኖሮ (3፣ 4) ይወጣ ነበር፤ መልሱም ½ < ኬ < 1 ይሆን ነበር። ½ ላይ ደግሞ እኩል የማይገባው ሁለቱ ነጥቦች አንድ ስለሚሆኑ ነው።

ጥያቄው «ሁለት ነጥቦች» ነው ያለው፣ «ሁለት የቲ እሴቶች» አላለም፤ ልዩነቱ እዚህ በግልጽ ይታያል። ኬ 0.9 ይሁን። ኤክስ ወደ 1.106 እና ወደ 2.894 ይሆናል። የመጀመሪያው የሚገኘው ቲ 3° አካባቢ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ግን ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ ቲ ወደ 71.3° ሲሆንና ወደ 108.7° ሲሆን። ምክንያቱም ኩርባው 90° ላይ (3፣ 4) ከደረሰ በኋላ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይሄዳል። ከኤክስ 2.73 እስከ 3 ያለው ክፍል ሁለት ጊዜ ተረግጧል። የቲ እሴቶች ሦስት፣ ነጥቦቹ ግን ሁለት ናቸው። ጥያቄው የቲን እሴቶች ቁጥር የሚጠይቅ ቢሆን መልሱ ሌላ ይሆን ነበርና የጥያቄውን ቃል ልብ ብሎ ማንበብ ይገባል።

የእርስዎ ጥያቄ እዚህ ላይ ተመልሷል። ሳይን ወይም ኮሳይን ለብቻው በማይገኝባቸው ጥያቄዎች ላይ ግን «ማዕዘኑን ተከተል» የሚለው ብቻ ስለማይበቃ፣ ደጋግመው ስለሚመጡት ቅርጾችም ልጨምር።

አንደኛው ሳይንና ኮሳይን የተደመሩበት ነው፤ ለምሳሌ ኤክስ = 3 ሳይን ቲ + 4 ኮሳይን ቲ። የሳይኑ ክፍል ከ−3 እስከ 3፣ የኮሳይኑ ከ−4 እስከ 4 ስለሆነ ድምሩ ከ−7 እስከ 7 ነው ማለት ስህተት ነው። ሳይን 1 በሚሆንበት ቲ ላይ ኮሳይን 0 ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከፍተኛ እሴት ላይ አይደርሱም። መፍትሔው ወደ አንድ ሳይን ማጠቃለል ነው። √(3² + 4²) = 5፤ ስለዚህ ኤክስ = 5 ሳይን(ቲ + አልፋ)፣ የአልፋ ኮሳይን 3/5፣ ሳይኑ ደግሞ 4/5 ነው፤ አልፋ ወደ 53.13° ይሆናል። ቲ ገደብ ከሌለው ሬንጁ ከ−5 እስከ 5 ነው። ቲ ከ0° እስከ 90° ብቻ ከሆነ ግን ቲ + አልፋ ከ53.13° እስከ 143.13° ይሄዳል፤ ይህም 90°ን ያካትታል። ሳይኑ ከ0.8 ተነስቶ 1 ላይ ይደርስና 0.6 ላይ ያበቃል። ሬንጁ 3 ≤ ኤክስ ≤ 5 ይሆናል። ዳርና ዳሩን የተካ ሰው ከ3 እስከ 4 ነው የሚለው። −5 ≤ ኤክስ ≤ 5 ብሎ የሚጽፈው ደግሞ ማዕዘኑን ማጠቃለሉ ላይ ጎብዞ ኢንተርቫሉን ረስቷል።

ሁለተኛው ካሬ ያለበት ነው። ዋይ = ኮሳይን²ቲ + ሳይን ቲ ከሆነ ኮሳይን²ቲን በ1 − ሳይን²ቲ ተክተን ሳይን ቲን ሰ ብለን እንጠራዋለን፤ ዋይ = 1 + ሰ − ሰ² ይሆናል። ከዚህ በኋላ ሥራው የኳድራቲክ ፈንክሽን ሥራ ነው፣ ሰ ከ−1 እስከ 1 ከመታሰሩ በቀር። መታጠፊያው ሰ = ½ ላይ ነው፤ ዋይ እዚያ 1.25 ነው። ሰ −1 ሲሆን ዋይ −1፣ ሰ 1 ሲሆን ዋይ 1 ነው። ሬንጁ −1 ≤ ዋይ ≤ 1.25። መታጠፊያው ከ−1 እስከ 1 ውጭ ሲወድቅ ግን ሊያሳስት ይችላል። ዋይ = ሳይን²ቲ − 4 ሳይን ቲ + 1ን ካሬ ስናሟላ (ሰ − 2)² − 3 ይሆናል። ትንሹ −3 ነው ለማለት ይቸኮላል፤ ሳይን ግን 2 ሊሆን አይችልም። ሰ በተፈቀደለት ክልል ዋይ እየቀነሰ ብቻ ስለሚሄድ ትንሹ እሴት ሰ 1 ሲሆን የሚገኘው −2፣ ትልቁ ሰ −1 ሲሆን የሚገኘው 6 ነው።

ሦስተኛው የክፍልፋይ ቅርጽ ነው፤ ዋይ = ሳይን ቲ/(2 + ኮሳይን ቲ)፣ ቲ ያለ ገደብ። እዚህ ትልቁን የላይኛ ለትንሹ የታችኛ አካፍሎ «1 ነው» ማለት እንደገና የማይገናኙ ሁለት ቅጽበቶችን ማገናኘት ነው። አባዝተን ስናቀያይረው ሳይን ቲ − ዋይ·ኮሳይን ቲ = 2ዋይ ይሆናል። የግራው ወገን ከ−√(1 + ዋይ²) እስከ √(1 + ዋይ²) ብቻ ነው መድረስ የሚችለው። ስለዚህ ቲ እንዲኖር 4ዋይ² ≤ 1 + ዋይ² መሆን አለበት፤ ማለትም ዋይ² ≤ ⅓። ሬንጁ ከ−1/√3 እስከ 1/√3 ነው፤ ወደ 0.577 ማለት ነው። ቲ 120° ላይ 0.866 ለ1.5 ሲካፈል ይኸው 0.577 ስለሚወጣ ዳሩ በእርግጥ ይደረስበታል።

ሳይን ቲ + ኮሳይን ቲ እና ሳይን 2ቲ አብረው ሲመጡ ደግሞ ድምሩን ካሬ ማድረግ ይበቃል። ኤክስ = ሳይን ቲ + ኮሳይን ቲ፣ ዋይ = ሳይን 2ቲ ከሆነ ዋይ = ኤክስ² − 1 ነው፤ ቲ ያለ ገደብ ሲሆን ኤክስ ከ−√2 እስከ √2 ይታሰራል። ከዚህ በላይ ልፋት የለውም።

ሴካንትና ታንጀንት የሚጠይቁት ጥንቃቄ ሌላ ዓይነት ነው። ኤክስ = ሴካንት ቲ፣ ዋይ = ታንጀንት ቲ፣ −90° < ቲ < 90° ሲሆን ካርቴዥያኑ ኤክስ² − ዋይ² = 1 ነው፤ ይህ ሃይፐርቦላ ሁለት ቅርንጫፎች አሉት። በዚህ ኢንተርቫል ግን ኮሳይን ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ስለሆነ ኤክስ ≥ 1 ነው፤ የግራው ቅርንጫፍ የኩርባው አካል አይደለም። ዋይ ማንኛውም ቁጥር ይሆናል።

የእኩል ምልክት የት እንደሚገባ መወሰንም ከዚሁ ጉዞ የሚነበብ ነው። ኤክስ = 2 ሳይን ቲ ሆኖ 0° < ቲ < 90° ከሆነ 0 < ኤክስ < 2 ነው። 0° < ቲ < 180° ከሆነ ግን 0 < ኤክስ ≤ 2 ይሆናል፤ 90° አሁን ውስጥ ነውና 2 ይደረስበታል። የቲ ኢንተርቫል ክፍት (ዳሮቹን የማያካትት) መሆኑ የሬንጁ ሁለት ዳሮች ሁሉ ክፍት ናቸው ማለት አይደለም።

ዴሪቬቲቭ የተማረ ሰው መታጠፊያዎቹን ዴሪቬቲቩ 0 የሚሆንባቸውን በመፈለግ ማግኘት ይችላል። በእርስዎ ጥያቄ የኤክስ ዴሪቬቲቭ 2 ኮሳይን ቲ ነው፤ በኢንተርቫሉ ውስጥ 0 የሚሆነው 90° ላይ ብቻ ነው። የዋይ ደግሞ 2 ሳይን 2ቲ ነው፤ 0° እና 90° ላይ 0 ይሆናል። ቀጥሎ በእነዚህም በሁለቱ ዳሮችም ላይ እሴቶቹን አስልቶ ማወዳደር ነው። ዳሮቹን መተው እዚህም ያሳስታል፤ የኤክስ ትንሹ እሴት 0 የተገኘው ከዳሩ፣ ከ−30° ነውና።

ካልኩሌተር ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። መጀመሪያ ዲግሪ ላይ ይሁን ራዲያን ላይ ያረጋግጡ። ቀጥሎ የሳይን ተገላቢጦሽ የሚሰጥዎት ከ−90° እስከ 90° ያለውን አንዱን ማዕዘን ብቻ መሆኑን ያስታውሱ፤ ሁለተኛውን ከ180° ቀንሰው ራስዎ ያገኙታል፣ ኢንተርቫሉ ውስጥ መሆኑንም ይፈትሻሉ። ኩርባውን በግራፍ ካዩት ደግሞ የቲ እርምጃ ትንሽ ይሁን። የእርስዎ ኩርባ በ50° እርምጃ ቢሳል የሚሰሉት −30°፣ 20°፣ 70° እና 120° ብቻ ናቸው፤ 0°ም 90°ም ይዘለላሉ። ስክሪኑ ላይ ዋይ ከ2.23 እስከ 3.77፣ ኤክስ እስከ 2.88 ብቻ የሚሄድ ይመስላል። በ5° እርምጃ ሲሳል ሁለቱም መታጠፊያዎች ከሚሰሉት ነጥቦች መካከል ስለሚገኙ 2፣ 4 እና 3 በትክክል ይታያሉ።